60 ተማሪ፣ አንድ መምህር፦ «ሁሉንም እንደየአማማሩ አስተምር» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ከዲክሲስ አንድ የገጻችን ተከታይ በውስጥ መስመር ጻፈልን። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ሥልጠና ላይ «ተማሪዎቻችሁን በአማማር ስልታቸው ለዩ» ተብለዋል። በማየት የሚማረውን በሥዕል፣ በመስማት የሚማረውን በገለጻ፣ እጁን ካላንቀሳቀሰ የማይገባውን በተግባር። ደስ ብሎት፣ ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። ክፍል ሲገባ የጠበቀው ግን ያው ከ60 በላይ ልጅ፣ ያው ጥቁር ሰሌዳ፣ ያው ተጣበው የሚቀመጡበት ዴስክ ነው። ጥያቄው አጭር ናት፤ ይሄን እንዴት ነው የምሠራው? ካልሠራሁትስ ልጆቹን በደልኳቸው ማለት ነው?

ስሙን እንዳንጠቅስ ስለጠየቀን አንጠቅስም። ጥያቄው ግን የሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን እዚሁ በአደባባይ እንሞክረው።

እናንተም አላችሁበትና። ቲክቶክ ላይ «አንተ ምን ዓይነት ተማሪ ነህ?» የሚል ፈተና ያልሞላ አለ? «ስልክ ቁጥር የምትይዢው በዓይንሽ ነው በጆሮሽ?» ምናምን ይልና መጨረሻ ላይ «ቪዥዋል ነሽ» ብሎ ይሸኝሻል። ከዚያ ኮመንቱ «ለካ ኦዲቶሪ ስለሆንኩ ነው ማትስ የማይገባኝ» በሚል ይሞላል። ፈተናው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ስያሜው ግን ዓመት ሙሉ አብሮን ይቆያል።

ነገሩ ከየት መጣ?

ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይማርም የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። አሁን በየስልካችን የሚዞረውን መልክ የሰጡት ግን ኒል ፍሌሚንግ የሚባሉ የኒውዚላንድ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ነበሩ፤ እኛ አገር ሱፐርቫይዘር የምንለው ዓይነት። ብዙ ክፍል እየገቡ ሲያዩ አንድ ነገር ከነከናቸው። ጎበዝ የሚባለው መምህር ሊያስረዳቸው ያልቻላቸው ልጆች አሉ፤ ደካማ የሚባለው ደግሞ አንዳንዴ ይሳካለታል። ለምን? ከዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቫርክ የሚባለውን መጠይቅ አዘጋጁ። ማየት፣ መስማት፣ ማንበብና መጻፍ፣ መንቀሳቀስ። አራት ሳጥን፤ ሰው በአንዱ ወይም ከአንድ በላይ በሆኑት ይገባል።

ሳጥን የሠሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ ፍራንክ ኮፊልድና ባልደረቦቻቸው ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ 71 ዓይነት የአማማር ስልት ሞዴል አገኙ። ሰባ አንድ! ያው አንድ ልጅ በአንዱ መጠይቅ «ቪዥዋል»፣ በሌላው ሌላ ነገር ሆኖ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ለመምህሩ የቱን ይዞ ክፍል ይግባ እንበለው?

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ይሄን ከሃዋርድ ጋርድነር ጋር ይቀላቅለዋል። ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት የሰው ብልህነት ብዙ ዓይነት ነው የሚል ሐሳብ ነው፤ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ ሙዚቃ፣ የሰውነት እንቅስቃሴና የመሳሰለው። እሳቸው ራሳቸው በኋላ ወጥተው «የኔ ሐሳብና የአማማር ስልት አንድ አይደሉም» የሚል ማብራሪያ እስከመጻፍ ደርሰዋል።

ተፈትኗል ወይ?

እዚህ ጋ ሁለት ነገር እንለይ። «እኔ ሥዕል ይመቸኛል» ማለት አንድ ነው። ይሄ እውነት ነው፤ ሰው ምርጫ አለው። «ሥዕል ስለሚመቸኝ በሥዕል ብማር የበለጠ አውቃለሁ» ማለት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው በፈተና ሊረጋገጥ የሚችል አባባል ነው።

እንዴት ይፈተናል? ሥዕል የሚመርጡ 50፣ መስማት የሚመርጡ 50 ልጆች ውሰዱ። ከሁለቱም ወገን ግማሹን በሥዕል፣ ግማሹን በገለጻ አስተምሩ። ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቴስት ስጡ። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ የሥዕል ልጆች በሥዕል፣ የመስማት ልጆች በገለጻ መብለጥ አለባቸው። ሁለቱም ቡድን በአንድ ዓይነት ዘዴ የተሻለ ካመጣ ግን ሥራውን የሠራው ዘዴው ነው፤ ሳጥኑ ምንም አልጨመረም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሲያበጥሩ፣ በዚህ መንገድ በትክክል የፈተነ ጥናት በጣም ጥቂት ሆኖ አገኙት። ከነዚያ ውስጥም ሐሳቡን የሚያፈርሱ ነበሩ። መደምደሚያቸው ክፍልን በአማማር ስልት ለማደራጀት የሚያበቃ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ብዙ አልቀየሩትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት አዋቂዎች አንድን መጽሐፍ ገሚሱ በድምፅ፣ ገሚሱ በንባብ ወሰዱት፤ ምርጫቸውና ያስታወሱት ነገር አልተገናኘም። በ2018 ደግሞ አሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አናቶሚ የሚማሩ ተማሪዎች የቫርክ መጠይቅ ሞልተው ሲከታተሏቸው፣ አብዛኞቹ በወጣላቸው ስልት አላጠኑም። ያጠኑትም ቢሆኑ በውጤት አልበለጡም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ያምነዋል? እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ከተጠየቁት የእንግሊዝ መምህራን 93 በመቶ፣ ከኔዘርላንዶቹ 96 በመቶ ያምኑበት ነበር። እዚያ ያሉት እንዲህ ካሉ የዲክሲሱን መምህር ማን ይወቅሰዋል? ሐሳቡ ደስ ይላል። «ሰነፍ ልጅ የለም፤ ያልተገኘ በር ነው ያለው» የሚል ደግነት አለበት። ደግነቱን አንጥልም። ችግሩ በሩ የተፈለገው በተሳሳተው ግድግዳ ላይ መሆኑ ነው።

እዚህ ጋ የራሳችንን እንናገር። ከዚህ ጽሑፍ በስተጀርባ ያለነው ሰዎች የዚያ ፈተና ሰለባ ነን። ለማትሪክ ስንዘጋጅ «ኦዲቶሪ ነን» ብለን መጽሐፉን ዘግተን ኢርፎን ሰካን። የዩቲዩብ ቲቶሪያል እየሰማን፣ ራሳችንን እየነቀነቅን፣ ሁሉም የገባን ይመስለን ነበር። ፈተናው ላይ ሲደረስ ደግሞ ጆሯችን ሰምቶ እንደነበር አስታወስን፤ ምን እንደሰማ ግን አላስታወስንም። ጥፋቱ የጆሮ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ እስቲ የሰማሁትን ልድገመው» አላልንም። ያች ስያሜ ማንበብ ሲከብደን መሸሻ ነበረች። አሁን ለኑሯችን የምንሠራው ማንበብና መጻፍ መሆኑን ሳናነሳ ማለፍ ይከብዳል።

ፕላዝማ፣ አንድ ለአምስት፣ እና የየኔታ ጉባኤ

እኛ አገር «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ በኋላ፣ በተለይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ «አሳታፊ ዘዴ» እና «ተከታታይ ምዘና» መምህር በሄደበት የሚሰማው ሆነ። የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን፣ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ ገባ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረፀ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት፣ ለአገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። አሰላ ያለውም ጎዴ ያለውም ተማሪ ያቺን ሴኮንድ ያያታል። «አልገባኝም» ብትል የምታቆመው ሰው የለም፤ መምህሩም ከናንተ ጋር ያያል። በአንድ እጅ ተማሪ ተኮር፣ በሌላው እጅ ማንንም የማይጠብቅ ስክሪን። (መብራት ሲጠፋ ነበር ተማሪ ተኮር የሚሆነው የሚሉ አሉ።)

ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። አንድ ጎበዝ፣ አምስት ተከታይ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን ጎበዟ የቤት ሥራውን ትሠራለች፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ደግሞ ቡድኑ ለሌላም ሌላም ነገር ሲያገለግል ስሙ ከበደው።

እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ያየ ትምህርት ቤት ኖሮን አያውቅም እንዴ? ኖሮናል። የየኔታን ጉባኤ አስቡ። አንዱ ሕፃን ገና ሀ ሁ ሂ ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው የዮሐንስን መልእክት ይቆጥራል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ዛፍ ሥር፣ ጫጫታው ሌላ ነው። ግን እያንዳንዱ ቀርቦ የራሱን ለየኔታ ወይም ለታላቁ ተማሪ ያነባል። ካልያዘው ነገም እዚያው ነው፤ ከያዘው ያልፋል። ቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው፤ አርሲ ውስጥ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያውቁት ትምህርት ቤት እሱ ነው። ልጁ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን ይቀራል፣ ለኡስታዙ ያሰማል፣ ሉሁ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፋል። ያልያዘው አይታጠብለትም።

ዱላውንና ትርጉሙ ሳይነገር መሸምደዱን አንናፍቅም። ዝንጉርጉር ነገር ነው። ግን እነዚህ ቤቶች ልጁ በዓይኑ ይማር በጆሮው ብለው አልጠየቁም፤ የትኛው ፊደል ላይ እንዳለ ነበር የሚያውቁት።

ልዩነቱ ያለው ደረጃ ላይ ነው

አሁን ወደ ዲክሲስ እንመለስ። ደጋ ነው፤ ስንዴና ገብስ። አጨዳ ሲደርስ ከክፍል የሚጎድል ልጅ አለ። ከብት የሚጠብቅ አለ። በእግሩ ረጅም መንገድ የሚመጣ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር ሲባል ዓለም ያጨበጭባል፤ በሌላ በኩል ሲታይ አንድ ሕፃን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደክሞት ነበር ማለት ነው። አራተኛ ክፍል ላይ እነዚህ ሁሉ ልጆች አንድ ገጽ ከፍተው ይቀመጣሉ። አንዷ ታሪኩን ጨርሳ መስኮት ታያለች፤ አንዱ ቃል በቃል ይጎትታል፤ አንዱ ገና ፊደሉ አልተለየለትም። የ60ዎቹ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

ይሄ ግምት እንዳይመስላችሁ። የዓለም ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ገደማው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ሌላውን ጫፍ ታውቁታላችሁ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ያን ሰሞን ሁሉም የጮኸው ስለ 12ኛ ክፍል ነው። ጉዳዩ ግን የተጀመረው ከዓመታት በፊት፣ አንድ ልጅ ሳያነብ ወደሚቀጥለው ክፍል ባለፈባት ቀን ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ የተሠሩትን ጥናቶች እዩ፣ ልክ ለኛ የተሠሩ ይመስላሉ። ገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የሚገለጥ የግድግዳ ቻርት ተሰጠ፤ «በማየት ለሚማሩ» የሚሆን ነገር ማለት ነው። የፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አልታየም። መማሪያ መጽሐፍም ተሰጠ፤ ድሮም ጎበዝ የነበሩትን ጠቀመ፣ ሌሎቹን ግን አላነቃነቀም፤ መጽሐፉ ለብዙዎቹ ሦስተኛ ቋንቋቸው በሆነው በእንግሊዝኛ ነበርና ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በ121 ትምህርት ቤቶች ሌላ ነገር ተሞከረ። ግማሾቹ ላይ አንደኛ ክፍልን ልጆቹ ባሉበት ደረጃ ለሁለት ከፈሉት። የላይኛው ቡድንም የታችኛውም ተሻሻለ። መምህሩ በመጨረሻ ለፊቱ ላሉት ልጆች ማስተማር ቻለ።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ ፕራታም የሚባል ድርጅት ወደኋላ የቀሩትን ልጆች ከክፍል እያወጣ፣ በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ፊደልና ቁጥር ያስጠናቸው ነበር። የሚያስጠኑት የሰፈሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ዲግሪ የላቸውም፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና አጭር ሥልጠና የወሰዱ ናቸው። «ባልሳኪ» ይሏቸዋል፣ የልጅ ጓደኛ እንደማለት። ሙምባይና ቫዶዳራ ከተሞች ላይ ተለክቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታተም ትልቁን ጥቅም ያገኙት ከሥር የነበሩት ልጆች ነበሩ። ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከማይክል ክሬመር ጋር ወስደዋል። ማትሪክ ያልመጣለት፣ ሰፈር ቁጭ ያለ ወጣት በሞላበት አገር ይሄን አንብቦ ዝም ማለት ይከብዳል።

እና መምህሩ ሰኞ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ60 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 40 ሴኮንድ ነው። ለያንዳንዱ «ስልት» የተለየ ትምህርት ማዘጋጀት የማይሆን ነገር ነው፤ ማስረጃም ስለሌለው ባለመሥራትህ ማንንም አልበደልክም ወንድማችን። ያች ጭንቀት ትነሳልህ።

በዚያ ፈንታ ልጆቹን አንድ በአንድ አስነብባቸው። አንድ ወረቀት ላይ ከላይ ጥቂት ፊደላት፣ ቀጥሎ አጫጭር ቃላት፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ከሥር አጭር ታሪክ ጻፍ። በሚማሩበት ቋንቋ፤ በኦሮሚኛ ከሆነ በቁቤ። ፕራታሞችም የሚጠቀሙት ይሄንኑ መሰላል ነው። ልጁ የት ላይ እንደቆመ ጻፍና ቀጣዩን ጥራ። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 60ው በሦስት ሰዓት ያልቃል፤ በእረፍትና ከትምህርት በኋላ ከተሰራጨ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ሮስተሩ የማይነግርህን ያኔ ታውቃለህ።

ከዚያ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ከቻልክ ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር ተነጋግረህ፣ በደረጃ መድባቸው። የፊደል ልጆች በአንድ በኩል፣ የቃል ልጆች በሌላ፣ የሚያነቡት ደግሞ ለብቻቸው ታሪክ ይዘው። ቡድኑ ስም አይኑረው፤ «ሰነፎች» የሚባል ጥግ ከተፈጠረ ሁሉም ነገር ተበላሸ። በየወሩ ድጋሚ አስነብብና አዛውራቸው። ቦቆጂ ሄዶ የሯጮችን ልምምድ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። እነ ደራርቱንና ቀነኒሳን በጅምር ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ እኮ የዚያው የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ነበሩ። ገና የጀመረውን ልጅ ከኦሎምፒክ ሯጭ እኩል አሯሩጦ ሲያቅተው «እግሩ ቪዥዋል ነው» የሚል አሠልጣኝ የለም።

ሥዕሉንና ተግባሩንስ እንተወው? ኧረ በፍጹም! ግን ለሁሉም ልጅ፣ እንደ ትምህርቱ ፀባይ። የስምጥ ሸለቆን በቃል ብቻ ማስረዳት ልፋት ነው፤ ካርታ ለሁሉም ይሻላል። የቃል አነባበብን በሥዕል አታስተምርም፤ ሁሉም መስማት አለበት። ክፍልፋይ ሲሆን ጣሳና ስንዴ አምጣ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ እየሰፈሩ ያዩታል። ከዚያ ያንኑ በሥዕል፣ ቀጥሎ በቁጥር። አንድ ነገር በብዙ መንገድ ሲታይ ሁሉም ይጠቀማል፤ ቪዥዋል የተባለውም ያልተባለውም።

ዓይንና ጆሮን ከ«ስልት» ለይተህ ተመልከት። ሰሌዳ ላይ ያለውን ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ማየት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ቻይና ገጠር ውስጥ የዓይን ችግር ላለባቸው ተማሪዎች መነጽር በነፃ ሲሰጥ የሒሳብ ውጤታቸው መሻሻሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። መነጽር ባይኖርህ የፊት ዴስክ አለህ፤ ጤና ጣቢያም መላክ ይቻላል።

ለናንተ ለተማሪዎቹ ደግሞ አንዲት ሙከራ አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስጠኗቸው። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበው። ሌላው አንዴ አንብቦ ሦስት ጊዜ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት የያዙት 40 በመቶ፣ ከራሳቸው እያወጡ የጻፉት 61 በመቶ ነበር።

ዛሬ ማታ አንድ ሾርት ኖት ውሰዱ። በፈለጋችሁት መንገድ አጥኑት፤ በጆሮም ይሁን በዓይን። ከዚያ ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት አውጡ፣ የቀራችሁን ጻፉ። የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በሦስተኛው ቀን ድገሙት፣ በሳምንቱም አንዴ። ቲክቶክ የሰጣችሁን ስያሜና የወጣላችሁን ውጤት ኮመንት ላይ አስቀምጡልን፤ የዲክሲሱ መምህርም ልጆቹን አስነብቦ ሲጨርስ ስንቱ የት ላይ እንደቆመ ሊነግረን ቃል ገብቷል።